በመርፌ የዘመቱ ሴቶች

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ሲተረክ ቀድሞ የሚነሳው ታንኩ፣ አውሮፕላኑና ጄኔራሉ ነው። በካናዳ የገጠር ከተሞች በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽና በየቤቱ ተሰብስበው ብርድ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ሴቶችን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው።

ከሴፕቴምበር 1940 እስከ ሜይ 1941 (እ.ኤ.አ.) የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንንና ሌሎች የብሪታንያ ከተሞችን በቦምብ ደበደቡ። ከ40,000 በላይ ሲቪሎች ሞቱ። በሕይወት የተረፈውም ብዙ ሰው ቤቱ ፈርሶ፣ ንብረቱ ተቃጥሎ በክረምት ሜዳ ላይ ቀረ።

ከአትላንቲክ ማዶ የካናዳ ቀይ መስቀል ብርድ ልብስ መሰብሰብ ያዘ። የሚሰፋ ሰው አልቸገረውም። በ1897 በኦንታሪዮ የተመሠረተው የገጠር ሴቶች ማኅበር በየአካባቢው ቅርንጫፍ ነበረው፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ማኅበር ነበራቸው። ጦርነቱ ሲመጣ ለዓመታት የኖረው ደቦ ወደ ዕርዳታ ዞረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአሮጌ ኮት፣ ከቀሚስና ከሸሚዝ የተረፈው ጨርቅ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይጋጠማል። መሐሉ ላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር ይነጠፋል፤ ከሥር ገበር ይደረግለታል፤ ገበሩ አንዳንዴ የዱቄት ወይም የስኳር ከረጢት ነው። ከዚያ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ ይሰፉታል። በሰላሙ ጊዜ ወራት የሚፈጅ ያማረ ጥልፍ የሚያውቁ እጆች፣ ብርድ ቀጠሮ አይሰጥምና አሁን ቶሎ የሚያልቀውን መረጡ። በዚህ መንገድ በጦርነቱ ዓመታት ወደ 400,000 የሚገመት ብርድ ልብስ ባሕር ተሻገረ። በብሪታንያ በ1938 የተቋቋመው የሴቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተረክቦ ከሚያድሉት አንዱ ነበር።

በብርድ ልብሱ ጀርባ ትንሽ ምልክት ይሰፋ ነበር፤ የካናዳ ቀይ መስቀል ስጦታ መሆኑን ይናገራል። የሰፊዋ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ሁሉ ስሙ የሚጠለፍበት ሌላ ዓይነት ብርድ ልብስ ነበር፤ ገንዘቡ ለዕርዳታ ይውላል። እናም ሳንቲም የሰጠው ሰው ስም ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ሌሊቱን በመርፌ ያነጋችው ሴት ስም ጠፋ። ዛሬ በብሪታንያ ከተረፉት ጥቂት ብርድ ልብሶች ፊት የቆመ ተመራማሪ ማን እንደሰፋቸው ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም።

እነዚያ ሴቶች ስም ፈልገው አልሰፉ ይሆናል። ስማቸውን መመዝገብ የነበረበት ግን ሥራቸውን ተቀብሎ የላከው ተቋም ነው። ኩንታሉንና ካርቶኑን ቆጥሮ ሪፖርት የሚያወጣ ድርጅት ዛሬም ሞልቷል። ለተፈናቃይ ልብስ የሚሰበስቡትን፣ ምግብ የሚያበስሉትን ሰዎች ስም ከቁጥሩ ጎን መጻፍ የሚጠይቀው አንድ ደብተር ብቻ ነው። ያ ደብተር ከሌለ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የሚቀረው የድርጅቱ ምልክት ብቻ ይሆናል።