«እኛ አንጠጣም» ማለት ይበቃል? የስካር መንዳት ሕግ ታሪክና የዐቅል አማና



በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ከወጣቶች ጋር ቆመን ስንጫወት፣ ወሬው ትራፊክ ፖሊስ ማታ ማታ ሹፌር እያስቆመ ስለሚያስነፋው የአልኮል መለኪያ ሆነ። ሚኒባስ የሚነዳ አንድ ወንድማችን ፈገግ ብሎ፣ «እሱ ለጠጪዎች ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ አንጠጣም። ንፉ ካሉን እስኪነጋ እንነፋለን!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ወንድማችን ግን ከዙህር ጀምሮ ሲቅም የዋለ ነበር፤ ሌሊቱን ደግሞ ሰው ጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ሊነዳ ነው። ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ ውስጣችን ቀረ። ዛሬ የዚህን ሕግ ታሪክ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

◾ ነገሩ ከለንደን ሲጀመር

እንግሊዞች መኪና ሳይኖራቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1872 ሰክሮ ጋሪ፣ ፈረስ፣ ከብት ወይም የእንፋሎት ሞተር መንዳትን የሚቀጣ ሕግ አወጡ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 10 ቀን 1897 እ.ኤ.አ.፣ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የ25 ዓመት የለንደን ታክሲ ሹፌር በኤሌክትሪክ የምትሄድ ታክሲውን ከሕንጻ ጋር አጋጨ። ሁለት ሦስት ብርጭቆ ቢራ መጠጣቱን አምኖ በገንዘብ ተቀጣ። ሰክሮ መኪና በመንዳት የተቀጣ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

ስሚዝ አመነ፤ ጉዳዩም በዚያው አለቀ። የሚክደውስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ፖሊሱ «አፉ ይሸታል፣ ዓይኑ ቀልቷል» ይላል። ሹፌሩ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ይላል። ሐኪም ይጠራና ሰውየውን በቀጥታ መስመር ላይ ያስኬደዋል፣ ምላስ የሚያወላክፍ ቃል ያስደግመዋል። የለመደ ጠጪ መስመሩን ቀጥ ብሎ ይሄድና በነጻ ይሰናበታል። ደንጋጣው ደግሞ ሳይጠጣ ይንገዳገዳል። ዳኛው የሚፈርደው በዓይን ግምት ነበር።

◾ ከዓይን ወደ መርፌ

መፍትሔው ከኬሚስትሪ መጣ። በ1930ዎቹ የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሮላ ሃርገር ተጠርጣሪው ፊኛ ውስጥ እንዲተነፍስ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ትንፋሹ ሐምራዊ ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ፣ አልኮል ካለበት ፈሳሹ ቀለሙን ይለቃል። ኖርዌይ በ1936 ሕጉን ራሱን ለወጠችው። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ተንገዳገደ አልተንገዳገደ አይጠየቅም። ያኔ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ከግማሽ ግራም በላይ አልኮል ከተገኘ ጥፋተኛ ነበር። በ1954 ደግሞ ሮበርት ቦርከንስታይን ለፖሊስ የሚመች የትንፋሽ መለኪያ ሠራ። ብሪታንያ በ1967 ገደቡን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አደረገች፤ ፖሊስም መንገድ ላይ ማስነፋት ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። መጀመሪያ ሕጉ ይጠይቅ የነበረው «ዐቅልህ ከአንተ ጋር ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ይህን ማስረዳት ስለከበደው ጥያቄውን አጠበበና «በደምህ ውስጥ ስንት ነው?» አለ። ለዳኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ቁጥር አይዋሽም፣ አይለማመጥም፣ ዘመድ አያውቅም። ግን ቁጥሩ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

◾ ደም በግድ ይቀዳል?

መለኪያው ሲመጣ አዲስ ክርክር ተከተለ። ሹፌሩ «አልነፋም፣ ደሜንም አልሰጥም» ቢልስ? አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሽመርበር የተባለ ሰው ሎስ አንጀለስ ላይ መኪና አጋጭቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ፖሊስ ደም እንዲቀዳ አዘዘ፤ እሱ በጠበቃው ምክር እምቢ አለ፤ ሐኪሙ ቀዳው። በ1966 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፤ ደም ግን የምስክርነት ቃል አይደለም። ሁለተኛ፣ አልኮል በየደቂቃው ከደም ስለሚጠፋ ፖሊሱ የዳኛ ትእዛዝ እስኪመጣ ይጠብቅ ቢባል ማስረጃው ያልቃል።

ቆይቶ ያው ፍርድ ቤት ልጓሙን ጠበቅ አደረገ። በ2013 «አልኮሉ እየጠፋ ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን ሁልጊዜ ከዳኛ ትእዛዝ ነጻ እንደማያደርግ ወሰነ። በ2016 ደግሞ የትንፋሽ ምርመራ በሕግ የተያዘ ሹፌር ላይ ያለ ትእዛዝ ይቻላል፤ መርፌ ሰውነት ውስጥ መግባት ግን ከዚያ ይከብዳል አለ። ሁለት ሐቆች እየተመዘኑ ነበር፤ በአንድ በኩል የተከሳሹ ገላ፣ በሌላው በኩል መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ነፍስ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በብዙ ቦታ ቅጣቱ ገና ቀላል ነበር። በግንቦት 1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካንዳስ ላይትነር የምትባል እናት የ13 ዓመት ልጇን በሰከረ ሹፌር አጣች። ሹፌሩ ከዚያ በፊትም በተመሳሳይ ጥፋት የተያዘ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በዋስ የተለቀቀ ሰው ነበር። እናቲቱ ሌሎች እናቶችን አሰባስባ ማኅበር መሠረተች፤ የሕግ አውጪዎችንም በር አንኳኳች። በ1984 የፌዴራሉ መንግሥት የመጠጫ ዕድሜን 21 ዓመት ያላደረገ ክፍለ ግዛት የመንገድ በጀቱ እንዲቀነስበት የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በ2000 የደም አልኮል ገደቡም በዚሁ መንገድ በየክፍለ ግዛቱ ወደ 0.08 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። እያንዳንዱ የሕግ መስመር ከኋላው ጀናዛ አለው።

◾ ወደ መዲና እንመለስ

እኛ ዘንድስ? ከጆርጅ ስሚዝ ከ1,200 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በመዲና፣ ኸምር ገና ሳይከለከል የሆነ ነገር ቡኻሪ ዘግቦልናል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ፋጢማን (ረ.ዐ) ሊያገቡ ሲዘጋጁ ሁለት ግመሎች ነበሯቸው። ሣር ጭነው ለወርቅ አንጣሪዎች ሸጠው የሠርጋቸውን ድግስ ሊያወጡ አስበዋል። የአላህ አንበሳ የሚባሉት ሐምዛ (ረ.ዐ) በአቅራቢያው ባለ ቤት ሲጠጡ ቆይተው ወጡና የግመሎቹን ሻኛ ቆረጡ፣ ሆዳቸውንም ቀደዱ። ዐሊይ እያለቀሱ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። ረሱል መጥተው ሲናገሯቸው ሐምዛ ቀና ብለው አዩና የማይገባ ቃል ተናገሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየው በራሳቸው እንዳልሆኑ ተረድተው ወደ ኋላ እያሉ ወጡ።

ይህን የምንጠቅሰው በሸሂዶች አለቃ ላይ ነውር ለመፈለግ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! ያኔ መጠጡ ሐራም አልነበረም። ነገር ግን መጠጥ ሐምዛን የመሰለ ሰው ከወንድሙ ልጅ ክብርና ንብረት ጋር ካጋጨ፣ ከእኛ መካከል «እኔ እችለዋለሁ» የሚል ማን ነው?

ክልከላው በደረጃ ወረደ። በሱረቱል በቀራ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። በሱረቱ-ን-ኒሳእ የሚለውን እስኪያውቅ ድረስ የሰከረ ሰው ወደ ሶላት እንዳይቀርብ ታዘዘ። በመጨረሻ በሱረቱል ማኢዳ በሩ ተዘጋ። አነስ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሓ ቤት ለእንግዶች ሲቀዱ ሳለ የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ተሰማ። አቡ ጦልሓ «ውጣና ድፋው» አሉ። የመዲና መንገዶች መጠጥ ፈሰሰባቸው። ያን ቀን መለኪያ አላስፈለገም።

በኋላ ዑመር (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ቆመው ኸምር በዘመናቸው ከወይን፣ ከተምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ እንደሚሠራ ዘረዘሩ። ዝርዝሩን ግን እዚያ አላቆሙትም፤ ዐቅልን የሚጋርድ ሁሉ ኸምር መሆኑን ተናገሩ። ሚዛኑ ዐቅል ነው። ጠጪ ሲበዛባቸውም ሰሓቦችን አማክረው 40 የነበረውን ግርፋት 80 አደረጉት። ዐሊይ ያቀረቡት ምክንያት ይገርማል፤ ሰው ሲሰክር ይቀባጥራል፣ ሲቀባጥር የሰው ስም ያጠፋል የሚል ነው። ፍርዱን ያሰሉት ስካሩ ሌላው ሰው ላይ ከሚያመጣው መዘዝ ተነስተው ነው። ከመዝሀቦች ሐነፊ፣ ማሊኪና ሐንበሊ 80ውን ያዙ፤ ሻፊዒዮች መሠረቱ 40 ነው፣ ቀሪው በመሪው ውሳኔ የሚጨመር ተዕዚር ነው አሉ።

◾ «በራሴ አልነበርኩም» ያድናል?

አያድንም። አብዛኞቹ ፉቀሃእ በፈቃዱ የሰከረ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ይጠየቃል ይላሉ። አለዚያማ ለመግደል ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ጠጥቶ ይመጣ ነበር። የሀገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ል. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል በመደበኛው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ሟቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብ እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥ አልያም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ካስገባ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል፤ የገንዘብ መቀጮም አለው።

የወንጀል ፍርዱን መንግሥት ይሰጣል። የአኼራው ሒሳብ ግን በዚህ አያልቅም። ሱረቱ-ን-ኒሳእ ለስሕተት ግድያ ሁለት ነገር ይደነግጋል፤ ለቤተሰቡ ዲያ፣ ለአላህ ከፋራ። ዛሬ ነጻ የሚወጣ ባሪያ ስለሌለ ከፋራው ሁለት ተከታታይ ወር ጾም ነው። ሽማግሌ ገብቶ የሟች ቤተሰብ ዲያውን «ለአላህ ብለን ትተናል» ሊል ይችላል። ከፋራውን ግን ይቅር የሚል ቤተሰብ የለም፣ የአላህ ሐቅ ነውና። ስንቶቻችን ነን ይህን የምናውቀው?

◾ መርፌው የማያየው

አሁን ወደ ሚኒባስ ነጂው ወንድማችን እንመለስ። የትንፋሽ መለኪያው አልኮልን ይለካል። ምርቃናን አይለካም። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ዓይንን አይለካም። ለጉልበት ተብሎ የሚዋጠውን ኪኒንም አይለካም። ወንድማችን ቢነፋ መርፌው ዜሮ ያሳያል፤ እውነቱን ነው፣ አልጠጣም። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲወርድና እንቅልፍ ሲጥለው ከኋላው የተቀመጡትን 12 ሰዎች ያ ዜሮ አያድናቸውም።

ስለ ጫት ዑለማዎች ጥንትም ተለያይተዋል። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ስለ ጫት ለብቻው ኪታብ ጽፈዋል፤ በቁርጥ ሐራም ነው ባይሉም መራቁን መክረዋል። ያንን ክርክር እዚህ አንፈታውም። ለመሪው ግን ያ ክርክር እስኪፈታ መጠበቅ አያስፈልግም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ እንቅልፍ የያዘው ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው እንዲተኛ አዘዋል፤ ምሕረት እየለመነ መስሎት ራሱን ሊረግም ይችላልና። ያ ሰው አልጠጣም፣ አልቃመም፤ ደክሞት ብቻ ነው። ለብቻው ቆሞ ለመስገድ ያልበቃ ዐቅል የሰው ልጆችን ጭኖ ተራራ ለመውረድ እንዴት ይበቃል?

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. ብሩናይ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ የትራፊክ ደንብን ማክበር በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን፣ ሹፌርም ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ቀይ መብራት መጣስ የትራፊክ ፖሊስና የአንተ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፦ የምትነዱ ከሆነ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት «አሁን ሶላት ላይ ብቆም የምለውን አውቃለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ካጠራጠራችሁ ተኙ፤ ገበያው ይቅር። የመኪና ባለቤቶች ከሆናችሁ ሹፌራችሁን ሌት ከቀን እያስነዳችሁ «ሪዝቅ ነው» አትበሉ። ተሳፋሪ ከሆናችሁ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ ዝም አትበሉ፤ በአክብሮት «ወንድሜ፣ ትንሽ እንረፍ» በሉ። አሥር ደቂቃ መዘግየት ነውር አይደለም።

ያ ወንድማችን በማግስቱ በሰላም ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ሲመለስ ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት አነበብንለት። አልሳቀም። «ከዛሬ ጀምሮ የሌሊት ጉዞ ካለኝ ቀን እተኛለሁ» አለን። አላህ ያጽናው።

አላህ ዐቅላችንን ይጠብቅልን፤ በመንገድ ላይ ያለቁትን ሁሉ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብሩን ይስጣቸው። ለሚነዳ ወዳጃችሁ አስተላልፉት። ወላሁ አዕለም።