የቪዲዮ ቅንብር ሶፍትዌር መጪ ጊዜና የማርኬቲንግ ባለሙያው ድርሻ

አንድ ማስታወቂያ ከቀረጻ እስከ ስርጭት በሚያልፍበት ሂደት የመጨረሻ መልኩን የሚይዘው በቅንብር ወቅት ነው። የትኛው ምስል እንደሚቀድም፣ የትኛው ድምፅ እንደሚሰማና የትኛው ቃል እንደሚቀር የሚወሰነው በዚሁ ደረጃ ነው። ይህንን ሥራ ለማከናወን የሚያገለግለው የቪዲዮ ቅንብር ሶፍትዌር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፈጣን ለውጥ በማሳየት ላይ ሲሆን፣ ለውጡም የማርኬቲንግ ባለሙያውን የዕለት ተዕለት ተግባር፣ የወጪ ስሌትና የሕግ ኃላፊነት በቀጥታ የሚነካ ሆኗል።

የሶፍትዌሩ መጪ ጊዜ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ሥራው ምን ያህል እንደሚፋጠንና ወጪው ምን ያህል እንደሚቀንስ ነው። ይሁንና ለባለሙያው ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም መሣሪያው፣ ጥሬው ምስልና ውጤቱን የመመዘን ሥልጣን በማን እጅ ይቆያል የሚለው ነው። የዘርፉ ታሪክ እንደሚያሳየው ቅንብር በቀለለና በረከሰ ቁጥር ባለሙያው በመሣሪያው አቅራቢ ላይ ያለው ጥገኝነት እየጨመረ መጥቷል።

ከምላጭ እስከ ተንቀሳቃሽ ስልክ

አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለብሮድካስት አገልግሎት የዋለውን የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ ለገበያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ በ1956 ነበር። በወቅቱ ቅንብር ይከናወን የነበረው ቴፑን በምላጭ ቆርጦ ቁራጮቹን በማጣበቅ ሲሆን፣ አንዴ የተቆረጠውን ወደነበረበት መመለስ አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ በ1971 ሲ.ቢ.ኤስ እና ሜሞሬክስ በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ሲ.ኤም.ኤክስ 600 የተሰኘውን መሣሪያ ባቀረበ ጊዜ፣ ቴፑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሽከርከር ሳያስፈልግ የተፈለገውን ምስል በቀጥታ ማግኘት ተቻለ። መሣሪያው ምስሉን የሚያሳየው በጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ከፍተኛ ዋጋው ከጥቂት ተቋማት በስተቀር ለሌላው የሚቀመስ አልነበረም።

የኮምፒዩተር ቅንብር በስፋት ወደ ሥራ የገባው አቪድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1989 ያቀረበውን ሥርዓት ተከትሎ ነው። አዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1991 ፕሪሚየርን፣ አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ በ1999 ፋይናል ከት ፕሮን ለገበያ አቀረቡ። የኋለኛው ዋጋ 999 ዶላር በመሆኑ ቀደም ሲል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቅ የነበረውን ሥራ አነስተኛ ማስታወቂያ ሠሪ ድርጅቶችም እንዲሞክሩት በር ከፈተ። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2009 ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተሰኘውን የቀለም ማስተካከያ ሥርዓት ከገዛ በኋላ፣ ከ2011 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚገኝ ቅጂ አቅርቧል። ሶፍትዌሩም በሂደት ሙሉ የቅንብር መሣሪያ ለመሆን በቅቷል።

ከዚህ ጎን ለጎን የግዢው ሥርዓት ራሱ ተለወጠ። አዶቤ እ.ኤ.አ በ2013 ዋና ዋና የፈጠራ ሶፍትዌሮቹን አዳዲስ ቅጂዎች በቋሚነት መሸጥ ትቶ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ብቻ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ቀድሞ ባለሙያው አንድ ጊዜ ከፍሎ ሶፍትዌሩን ለዓመታት ይጠቀምበት ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ግን ክፍያው ሲቋረጥ የመጠቀም መብቱም ይቋረጣል። ባለንብረት የነበረው ተጠቃሚ ተከራይ ሆነ ማለት ነው።

ማሽኑ የሚረከባቸው ሥራዎች

በአሁኑ ወቅት አንድ ማስታወቂያ በአንድ መልክ ብቻ ተሠርቶ አያበቃም። ለቴሌቪዥንና ለዩቲዩብ አግድም፣ ለቲክቶክና ለኢንስታግራም ሪልስ ደግሞ ቁመታም ቅርጽ ያስፈልገዋል። በ6፣ በ15 እና በ30 ሰከንድ እንዲሁም በተለያዩ ቋንቋዎች የሚዘጋጁ ቅጂዎችም ይጠየቃሉ። ስለሆነም በአንድ ዘመቻ ብቻ በርካታ ቅጂዎችን ማሰናዳት የተለመደ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈጥኖ የገባው በዚሁ አሰልቺና ተደጋጋሚ የሥራ ክፍል ነው።

የአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ እ.ኤ.አ በ2019 አግድም የተቀረጸን ምስል ዋናውን ባለታሪክ እየተከተለ ወደ ቁመታም የሚለውጥ አገልግሎት ጨምሯል። እ.ኤ.አ በ2023 ደግሞ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ከጽሑፉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰረዝ ተጓዳኙን ምስል አብሮ የሚቆርጥ አሠራር አስተዋውቋል። ዲስክሪፕት የተባለው ሶፍትዌር ቀደም ብሎ የጀመረው ይህ አሠራር የቅንብር ሙያ ያልተማረ ሰው ቃለ ምልልስን እንደ ደብዳቤ እያረመ እንዲያቀናብር ያስችላል።

ቀጣዩ እርምጃ ያልተቀረጸ ምስልን መፍጠር ነው። ራንዌይ እ.ኤ.አ በ2023 በጽሑፍ ትእዛዝ ቪዲዮ የሚያመነጩ ሞዴሎችን አቅርቧል። ኦፕንኤአይ በፌብሯሪ 2024 ሶራን አስተዋውቋል፤ ጉግል ደግሞ በሜይ 2025 ይፋ ያደረገው ቪዮ 3 ምስሉን ከነድምፁ የሚያመነጭ ሆኗል። አዶቤም እ.ኤ.አ በ2025 አንድ ቀረጻ ለሙዚቃው ወይም ለንግግሩ ጥቂት ሲያጥር እስከ 2 ሰከንድ የሚደርስ ተጨማሪ ምስል ፈጥሮ የሚያራዝም አገልግሎት በፕሪሚየር ፕሮ ውስጥ አካቷል። በመሆኑም መቅረጽና ማቀናበር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ቀርቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ወደሚከናወን አንድ ተግባር እየተቀየሩ ነው።

የቴክኖሎጂው ብቃት ግን የተመልካቹን ተቀባይነት አያረጋግጥም። ኮካ ኮላ በኖቬምበር 2024 የቆየውን የገና ማስታወቂያውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ ሲያሰራጭ ከተመልካቾችና ከፈጠራ ባለሙያዎች ብርቱ ትችት ገጥሞታል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የማክዶናልድስ የኔዘርላንድስ ቅርንጫፍ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ የበዓል ማስታወቂያውን ከትችት በኋላ ከዩቲዩብ አንስቷል። ሁለቱም የበዓል ማስታወቂያዎች ነበሩ። በዓል ደግሞ ተመልካች የሰው እጅና የሰው ስሜት ከሚጠብቅባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ይህንን አስቀድሞ ማመዛዘን የባለሙያው እንጂ የሶፍትዌሩ ሥራ አይደለም።

ሠሪውም ሻጩም ዳኛውም አንድ ሲሆን

ለማርኬቲንግ ባለሙያው ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው የማስታወቂያ ቦታ የሚሸጡት ኩባንያዎች ራሳቸው ማስታወቂያውን ወደ መሥራት መሸጋገራቸው ነው። ቲክቶክ በሜይ 2024 ሲምፎኒ የተሰኘ የማስታወቂያ መሥሪያ አገልግሎት አቅርቧል። አማዞን በበኩሉ በሴፕቴምበር 2024 ከምርት ፎቶግራፍ ተነስቶ አጭር ቪዲዮ የሚፈጥር መሣሪያ ለአስተዋዋቂዎች አስተዋውቋል።

አሠራሩ የራሱ ጥቅም አለው። የቅንብር ባለሙያ መቅጠር የማይችል አነስተኛ ነጋዴ በደቂቃዎች ውስጥ ማስታወቂያ ያገኛል። ነገር ግን ማስታወቂያውን የሚሠራው፣ የሚታይበትን ቦታ የሚሸጠውና ውጤቱን ለክቶ የሚያሳውቀው አንድ ኩባንያ በሚሆንበት ጊዜ አስተዋዋቂው ውጤቱን የሚያመሳክርበት ገለልተኛ መንገድ ይጠበዋል። የተሻለ ውጤት አምጥቷል የተባለው ቅጂ በእርግጥ ሽያጭ ማሳደጉን ለማወቅ የራሱን የሽያጭ መዝገብ፣ የደንበኞቹን ጥያቄና የስልክ ጥሪ በራሱ መንገድ መያዝ ይኖርበታል።

የጥገኝነቱ አደጋ በተግባር የታየው በአሜሪካ ነው። ካፕካት የተባለው የቅንብር መተግበሪያ ንብረትነቱ የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የባይትዳንስ ሲሆን፣ በስልክ ላይ በቀላሉ የሚሠራ በመሆኑ በርካታ የይዘት አዘጋጆችና አነስተኛ ንግዶች የዘወትር መሣሪያቸው አድርገውት ነበር። ሆኖም በኤፕሪል 2024 የወጣው ሕግ በጃንዋሪ 2025 ተግባራዊ በሚሆንበት ዋዜማ ካፕካት ከቲክቶክ ጋር አብሮ በአሜሪካ አገልግሎቱን አቋረጠ። አገልግሎቱ ብዙም ሳይቆይ ቢመለስም፣ መተግበሪያው ወደ አፕልና ጉግል የመተግበሪያ መደብሮች የተመለሰው በፌብሯሪ አጋማሽ ነበር። ሥራቸውን በመተግበሪያው ውስጥ ብቻ ያስቀመጡ ተጠቃሚዎች በራሳቸው ጥፋት ሳይሆን በመንግሥታትና በኩባንያዎች መካከል በተፈጠረ ጉዳይ ከመሣሪያቸው ተለያዩ። ሕንድም እ.ኤ.አ በ2020 ቲክቶክን ጨምሮ በርካታ የቻይና መተግበሪያዎችን ማገዷ ይታወሳል።

የሕግና የእምነት ጥያቄ

ምስልን መፍጠር እየቀለለ በሄደ መጠን የምስሉን ምንጭ ማሳወቅ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። አዶቤ፣ ቢ.ቢ.ሲ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ የተለያዩ ተቋማት እ.ኤ.አ በ2021 ባቋቋሙት ጥምረት አማካይነት አንድ ምስል የት እንደተቀረጸና በምን መሣሪያ እንደተለወጠ ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚጓዝ የመረጃ ደረጃ ተዘጋጅቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2024 ያጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ እውነተኛ መስለው የሚቀርቡ ሠራሽ ምስሎች በግልጽ እንዲታወቁ የሚጠይቅ ድንጋጌ ይዟል። ቻይናም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ይዘት ምልክት እንዲደረግበት የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች።

ከዚህም በተጨማሪ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ሙሉ በሙሉ በማሽን የተፈጠረ ሥራ የቅጂ መብት ጥበቃ እንደማያገኝና ለማሽኑ ትእዛዝ መስጠት ብቻውን ደራሲነትን እንደማያስገኝ አመልክቷል። ይህም ማለት ያለ ሰው የፈጠራ አስተዋፅኦ የተዘጋጀ ምስል ተፎካካሪ ድርጅት ቢጠቀምበት ለመከልከል ሊያስቸግር ይችላል። በሌላ በኩል ባለሙያው የሰውን ቀረጻ፣ ምርጫና አደረጃጀት ባሳየ መጠን የሥራው ባለቤትነት ይጠናከራል።

በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ በ2012 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አንድ ምርት የሌለውን መልክ ወይም ጥራት በሠራሽ ምስል ማሳየት አሳሳችነቱ በመሣሪያው ዘመናዊነት የሚቀየር አይደለም።

የአማርኛ ማስታወቂያ ልዩ ፍላጎት

አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች ለሁሉም ቋንቋዎች እኩል አያገለግሉም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ያም ሆኖ በቅንብር ሶፍትዌሮች ውስጥ አስቀድመው የተሰናዱ የጽሑፍ ቅርጾች በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የታሰቡ በመሆናቸው የአማርኛ ጽሑፍ ሲገባባቸው መልካቸው ይበላሻል፤ አንዳንዴም በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይታያል።

ጉዳዩ በድምፅ ረገድ ይበልጥ ይረቃል። በአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላት በምልክት ስለማይታይ "ገና" የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይገልጻል። "አለ" የሚለውም እንዲሁ ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። የበዓል ቅናሽ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ በማሽን ድምፅ ሲነበብ አንድ ፊደል ቢላላ የማስታወቂያው ቁም ነገር ሊበላሽ ይችላል። ማሽኑ የሚማረው ከተሰበሰበ የድምፅና የጽሑፍ ክምችት በመሆኑ፣ ክምችቱ አነስተኛ በሆነበት ቋንቋ ስህተቱ ይበዛል። ስለዚህ ለአማርኛ ማስታወቂያ የቋንቋውን ለዛ የሚያውቅ አራሚ አስፈላጊነቱ ከሶፍትዌሩ መምጣት በኋላም የሚቀንስ አይሆንም። ከዚህ ሌላ አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ አገልግሎቶች በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው መሆናቸው ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ተጨማሪ ስሌት ይፈጥራል።

በባለሙያው እጅ ሊቆዩ የሚገባቸው

ከላይ ከተዘረዘሩት ለውጦች በመነሳት ባለሙያው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ጥሬው ቀረጻ ነው። የተቀረጸው ምስል፣ ድምፅና ያለቀው ሥራ ከቅንብር መተግበሪያው ውጭ፣ በድርጅቱ በራሱ ማስቀመጫና በማንኛውም ሶፍትዌር ሊከፈት በሚችል የፋይል ዓይነት ሊያዝ ይገባል። ይህ ከተደረገ አንድ አገልግሎት ቢቋረጥ ሥራው በሌላ መሣሪያ ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። የትኛው ምስል በካሜራ እንደተቀረጸ፣ የትኛው በማሽን እንደተፈጠረ፣ በምስሉ የታየው ሰው ፈቃዱን መቼ እንደሰጠና ሙዚቃው በማን ፈቃድ እንደገባ በየሥራው መመዝገብ ይኖርበታል። ጥያቄ በሚነሳበት ዕለት ከቃል ይልቅ ሰነድ ያስመሰክራል። ሦስተኛው የራስ መለኪያ ሲሆን፣ ይህም የማስታወቂያ ቦታ ሻጩ ከሚያቀርበው ቁጥር ጎን ለጎን በድርጅቱ በራሱ የሚያዝ የሽያጭና የደንበኛ መረጃን ይመለከታል።

ቀደም ሲል በምላጭ የሚቆርጠው የቴፕ ባለሙያ የሚመሰገነው በእጁ ቅልጥፍና ነበር። ምላጩ ከቀረ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ የቱ ጋ መቁረጥ እንደሚገባ የሚወስነው ሰው አልቀረም። የቅንብር ሶፍትዌር በሚቀጥሉት ዓመታት የመቁረጡን፣ የማስማማቱንና የማባዛቱን ሥራ ይበልጥ እየተረከበ እንደሚሄድ የእስካሁኑ ጉዞ ያመለክታል። ለገዢው የተነገረው እውነት መሆኑን የማረጋገጡ ኃላፊነት ግን ማስታወቂያውን ፈርሞ በሚያስወጣው ባለሙያና በድርጅቱ ላይ ይቀራል።