እንዶድ፦ ከአድዋ ወንዝ እስከ ገበያ ያለው መንገድ

አብዛኞቻችን እንዶድን የምናውቀው በልብስ ማጠቢያነቱ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ በፓራሳይቶሎጂ ትምህርት መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ይታለፋል። ያ ዓረፍተ ነገር ስለ ግኝቱ ይናገራል፤ ግኝቱን ስለተከተለው ሠላሳ ዓመት ግን ዝም ይላል። ለእኛ ለባለሙያዎች የሚጠቅመው ይህ የተረሳው ክፍል ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የቢልሃርዝያ ትል ዕድገቱን የሚቀጥለው በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ፣ እርሱን ማጥፋት የበሽታውን ዑደት መቁረጥ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ የሚያስደንቅ ነው። ዶ/ር አክሊሉ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዝርያዎች አወዳድረው የተሻሉትን መረጡ። በካሊፎርኒያ በሚገኘው ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ በእርሳቸው ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት መካከል የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዶድ በጥቂት ቀናት ውስጥ በውኃ ውስጥ ይፈራርሳል፤ ዓሣን መጉዳቱ ግን አልተካደም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። የዓለም ጤና ድርጅት በታወቀ ላቦራቶሪ፣ በተወሰነ ሥርዓት የተካሄደ የመርዛማነት ጥናት ካልቀረበ ለመደገፍ አልፈቀደም። በገበያው ላይ የነበረው የባየር ኩባንያ ባይሉሳይድ ውድ ቢሆንም ጥናቱንም፣ አምራቹንም፣ ሻጩንም ይዞ የመጣ ነበር። ለእንዶድ ያንን ጥናት ማን ይክፈል? በየአጥሩ የሚበቅልን ቁጥቋጦ፣ ገንዘብ ለሌለው ገበሬ ለማቅረብ የትኛው ኩባንያ ይነሣል? ጥናቱ በካናዳ ድጋፍ ሲጠናቀቅ ከግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በስቶክሆልም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ዶ/ር አክሊሉ የአፍሪካ ምርምር ችግር የመሣሪያና የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የበለጸጉት አገሮች ሰዎችና ድርጅቶች አድልዎ ጭምር መሆኑን ተናግረዋል። እውነት አለው። ነገር ግን አድልዎ የሌለው ዳኛም ቢሆን ያንኑ ሰነድ ይጠይቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሰነዱንም ከመስክ ሙከራው በፊት ማዘጋጀት እንደሚገባ ለአንድ ወጣት ሳይንቲስት የሚያስተምር አልነበረም።

በአሜሪካ የሆነውን እዚህ ላይ ማነጻጸር ይቻላል። በታላላቆቹ ሐይቆች ውስጥ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል የውኃ ፍጡር የፋብሪካዎችንና የከተሞችን የውኃ ቧንቧ ይደፍን ነበር። ዶ/ር አክሊሉ በ1990 የክብር ዶክትሬት ወደ ሰጣቸው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ወቅት እንዶድ በዚህ ፍጡር ላይ ተሞከረና ገደለው። በ1993 ዩኒቨርሲቲው ለዚሁ አገልግሎት ፓተንት አገኘ። ዶ/ር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ባለቤቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። የአድዋ አጣቢዎች በሰነዱ ባለቤትነት ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ነው። በሕፃናት ላይ ለተደረገው ሥራ ሃያ አምስት ዓመት የፈጀው ነገር፣ ከፋይ ባለበት ለቧንቧው በሦስት ዓመት ፓተንት እጅ ገባ።

ለማቶክሲን ከተለየበት ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2001 የተጀመረው ባዮዲዛይን ሐኪሙንና መሐንዲሱን ከንግድ ባለሙያ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ያስተምራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ2011 የጀመረው አይ-ኮርፕስ ደግሞ ሳይንቲስቶችን ከላቦራቶሪ አውጥቶ አንድ መቶ ያህል ሊገዙ የሚችሉ ሰዎችን እንዲያነጋግሩ ያደርጋል። ይህ ትምህርት በ1964 ኖሮ ቢሆን ዶ/ር አክሊሉን ይረዳቸው ነበር? የፓተንቱንና የመርዛማነት ጥናቱን ተራ ያስተካክልላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ያው ትምህርት «ከፋይ የለህምና ተወው» ብሎም ይመክራቸው ነበር። ቶሊዶ ያደረገው በመሠረቱ ያንን ምክር ነው፤ ከፋይ ወዳለበት ሄደ።

ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል መጥቶ የቀንድ አውጣን ጉዳይ ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር። የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ መድኃኒቱን በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ ይለግሳል፤ በአገራችንም በዘመቻ ለተማሪዎች ይታደላል። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ዳግም መያዝን ግን አይከለክልም። ልጆቹ ክኒኑን ውጠው ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ቀንድ አውጣው ወዳለበት ወንዝ ለዋና ይወርዳሉ።