አሰልጣኙ ባሊውን ለማን አስረከቡ?

ነጌሌ ቦረና ያደግን ልጆች ብሔራዊ ቡድናችንን ስታዲየም ገብተን አይተነው አናውቅም። አዲስ አበባ ከእኛ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ስለዚህ ለእኛ ኳስ ማለት ሻይ ቤት ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አምሳ ሰው፣ መብራት እንዳይጠፋ ጸሎት።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እዚያው ነበርን። ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው መጥተዋል። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰይድ ደገመ፤ 2 ለ 0! ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። ያን ቀን በከተማው ያልጮኸ ሰው ቢኖር የተኛ ሕፃን ብቻ ነው።

የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲወጡ ወደድናቸው፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲሸነፉ ይቅር አልናቸው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉማ ብራዚል የገባን መሰለን። ሁለት ቢጫ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ከቦትስዋና ያገኘነው ሦስት ነጥብ ቢቀማብንም ምድባችንን በአንደኝነት ጨረስን። ከዚያ ናይጄሪያ መጣች፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ረታችን። የዓለም ዋንጫው በር ላይ ደርሰን ተመለስን።

ወሬው የተጀመረው ያኔ ነው። ‹‹ሊነሱ ነው›› አሉ። ‹‹የለም፣ ይቆያሉ›› አሉ። ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በጥር 2006 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ቻን ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳያገባ ተሸነፈ፤ ፌዴሬሽኑም ብዙ ሳይቆይ አሰልጣኙን አሰናበተ።

እኛ ተናደድን። እውነቱን ለመናገር ‹‹ይነሱ›› ያሉትም ምክንያት ነበራቸው፤ በሦስት ጨዋታ ዜሮ ጎል ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ስንጨቃጨቅ ጥግ ላይ ሻያቸውን ይጠጡ የነበሩ አንድ የቦረና አዛውንት ዞር ብለው ጠየቁን፦

‹‹ሰውየው ባሊውን ለማን አስረከቡ?››

ሳቅን። አባባ ኳስና ገዳ ቀላቀሉ ብለን።

እናላችሁ፣ ያኔ ያልገባንን አሁን እናውራው። በቦረና ገዳ አባ ገዳው ስምንት ዓመት ይመራል። የሚወርድበት ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ ጀምሮ ይታወቃል። ተተኪውም ድንገት አይመጣም፤ ዓመታት አስቀድሞ ተመርጦ ይዘጋጃል። በስምንት ዓመት አንዴ ጋዮ ላይ በሚደረገው ጉሚ የመሪዎቹ ሥራ በአደባባይ ይገመገማል፤ ያጠፋም ሊነሳ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ባሊው፣ ማለትም የሥልጣኑ ምልክት፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የወረደውም አይጣልም፤ ዩባ ይሆናል፣ ይመክራል።

አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በ2009 ዓ.ም. ተረክበው በ2017 ዓ.ም. ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። በዚሁ በአንድ ገዳ ዘመን ውስጥ የዋልያዎቹን ወንበር እንቁጠር፦ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ መሳይ ተፈሪ። በጊዜያዊነት የያዙትን ሳንቆጥር አምስት ሰው! ከሰውነት በኋላ የመጡት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶም ዓመት ያህል ቆይተው በ2007 ዓ.ም. ተሰናብተዋል። ውበቱ አባተ ቡድኑን በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ወደተካሄደው አፍሪካ ዋንጫ መልሰው ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እሳቸውም ተለያዩ።

እያንዳንዱ ስንብት የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። እኛን የሚያንገበግበን ግን አዲሱ ሰው በመጣ ቁጥር ሁሉም ነገር ከሀ መጀመሩ ነው። አዲስ ምርጫ፣ አዲስ አጨዋወት፣ አዲስ ‹‹ጊዜ ስጡኝ››። የሄደው ያወቀውን ይዞ ይሄዳል፤ ዩባ የሚያደርገው የለም።

ርክክብ በኳሳችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም እንዳንል ደግሞ አንድ ምስክር አለ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በፍጻሜው ጎል ካገቡት አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ስትጫወት አሰልጣኙ ማን ነበር? ያው መንግሥቱ ወርቁ! ከመምህር የተማረ፣ ሜዳ ላይ ያየ፣ ቀጥሎ የያዘ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ 31 ዓመት የጠበቅነው።

አሁንም ‹‹አሰልጣኙ ሊነሱ ነው›› የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ነጌሌም፣ ያቤሎም፣ ሞያሌም ሻይ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ‹‹ይቆዩ!›› ‹‹ይሂዱ!›› እንባባላለን። ክርክሩ ደስ ይላል፤ እኛም አንቀርም። ግን ያ የአዛውንቱ ጥያቄ በመሀል ትዝ ይለንና ዝም እንላለን። ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ እስካሁን መልስ አላገኘንላቸውም።