ንጉሥ ሲታመም ማን ይናገር?

እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ለጎንደር ዙፋን ሰው ሲፈልጉ፣ ከወህኒ አምባ ያስወረዱት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ዳግማዊ ዮሐንስን ነበር። ሽማግሌው የታላቁ ኢያሱ ልጅ፣ የዐፄ በካፋ ወንድም ስለሆኑ ዘራቸው አያጠያይቅም። አንድ እጃቸው ግን ተቆርጧል። በጊዜው ልማድ ደግሞ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም፤ ይህንንም ያነሡ መኳንንት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ ራስ ሚካኤል ንጉሥ ፈረሱን ራሱ አይጭን፣ እጅ ምን ያደርግለታል ብለው ክርክሩን ዘጉት። ዮሐንስ ነገሡ። ጥቂት ወራት ቆይተው ከጦሩ ጋር አልዘምትም ባሉ ጊዜ ደግሞ በመርዝ መገደላቸውን ያው ብሩስ ጽፏል።

የመሪ ገላ የአገር ጉዳይ መሆኑን የጥንት ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልማዱ የሚያየው ግን የተቆረጠ እጅን፣ የጠፋ ዓይንን ብቻ ነው። በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደምን ወይም ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ትዝታን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ጉድለቱ በግልጽ በሚታይበት ጊዜ እንኳ ፍርዱን የሰጠው ሠራዊት ያለው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። «መሪው ከእንግዲህ ሥራውን ሊሠራ አይችልም» የሚለውን ቃል ማን ይናገረው ለሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቁርጥ ያለ መልስ አላበጀንለትም።

የጥያቄውን ክብደት የዳግማዊ ምኒልክን ሕመም ያህል የሚያሳይ ታሪክ የለንም። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ብዙ ሰው ለአልጋው ተስፋ ያደርግባቸው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ በስትሮክ ተመቱ። የሕመሙ ወሬ በአዲስ አበባ ካሉት ሌጋሲዮኖች ወደ አውሮፓ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ሎንዶን ላይ ተፈራረሙ። በስምምነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁከት ቢነሣ እያንዳንዳቸው ጥቅማቸውን እንዴት እንደሚያስጠብቁ ወሰኑ። ባለቤቷ ኢትዮጵያ ከውይይቱ አልተካፈለችም። የአንድ ሰው ጤና ሲናጋ ሦስት መንግሥታት ካርታ ዘርግተው መቀመጣቸው ነው።

ምኒልክ ሕመማቸውን የናቁ ሰው አልነበሩም። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይቀር የታሰበ እርምጃ ነው። የደብረ ሊባኖስን ጠበል ሞከሩ፤ የውጭ ሐኪሞችንም አማከሩ። ግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው፣ ራስ ተሰማ ናደውን ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ አድርገው በአዋጅ አሳወቁ። ውሳኔያቸውን የሚያፈርስን ሰው ረገሙ። በዘመኑ አቅም ከዚህ በላይ ምን ሊደረግ ይችል ነበር? ለሞታቸው ተዘጋጅተዋል። ያልተዘጋጁት ሳይሞቱ ለመቅረት ነው።

ጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ስትሮክ ከቀደሙት ሁሉ ከባድ ነበር፤ መናገርና መንቀሳቀስ አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በሕይወት ቆዩ። የአልጋ ወራሽነት አዋጅ የሚሠራው ንጉሡ ሲሞት ነው፤ ምኒልክ ግን አልሞቱም። ልጅ ኢያሱም እሳቸው በሕይወት እያሉ ዘውድ ሊጭን አይችልም። ስለዚህ ሥልጣኑ ለሕመምተኛው ወደሚቀርበው ሰው ዞረ። መጀመሪያ የተረከቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

ስለ እቴጌ ጣይቱ በዚህ ዘመን የሚነገረው ነገር አንድ ወገን የያዘ ይመስለኛል። ሾሙ፣ ሻሩ፣ ዘመዶቻቸውን አቀረቡ ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ አገሪቱ የታመመ ንጉሥ ሥልጣን ለማን እንደሚተላለፍ የሚናገር ሕግ አልነበራትም። እንደራሴው ራስ ተሰማም ጉልበታቸው የተፈራ አልነበረም። ክፍተቱን አንድ ሰው መሙላቱ አይቀርም ነበር። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ አድመው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አግልለው ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። የሸዋ መኳንንት የተቆጡት ሥልጣኑ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በመያዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በሥርዓት ባስተካከሉት ነበር። እነሱም ሥርዓት አላቆሙም። ራስ ተሰማ ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሌላ እንደራሴ አልተተካም፤ አገሪቱ በአንድ ወጣት እጅ ወደቀች።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋሽንግተን የሆነውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919 ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በከባድ ስትሮክ ወደቁ፤ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ባለቤታቸው ኤዲት ዊልሰን የትኛው ወረቀት ወደ ሕመምተኛው እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚቀር እየመረጡ ከአንድ ዓመት በላይ አሳለፉ። ሐኪሙም ምስጢሩን ጠበቀ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሥልጣኑን ለመረከብ አልደፈሩም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ አቅም ማጣት አንድ ቃል ቢኖረውም ማን እንደሚወስነው አይናገርም ነበር። ያ ክፍተት የተሞላው እ.ኤ.አ. በ1967 በ25ኛው ማሻሻያ ነው፤ ያውም ከኬኔዲ መገደል በኋላ። ጣይቱንና ኤዲትን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የሚከብደው ሰው ሁለቱም ያገኙት ባዶ ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን ያስተውል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። አስከሬኑ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀመጠ፤ ለንጉሠ ነገሥት የሚገባው ልቅሶ አልተጠራም። በእኛ አገር ለጎረቤት እንኳ ድንኳን ተተክሎ፣ አርባውም ተዝካሩም ወጥቶለት ነው የሚሸኘው። የአድዋን ድል የመሩ ንጉሥ ሕዝባቸው ሳያለቅስላቸው መቅረታቸው የዚያ ዘመን ትልቁ ግፍ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ደግሞ ፖለቲካ ነው፤ ሞቱ ቢታወቅ የሥልጣን ጥያቄው ይፋ ይሆናል። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭን ቆይቶ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። የአባታቸውን አስከሬን በክብር ለማሳረፍ የበኣታ ለማርያምን ሕንፃ ያሠሩት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው።

ሁለተኛው ታሪካችን የሚጀምረው ከሕመም ሳይሆን ከእርጅና ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሞላቸው። የቤተሰባቸውን የጤና ታሪክ ለሚያጠና ሐኪም ግራ የሚያጋባ ቤተሰብ ነው። አባታቸው ራስ መኮንን ስድሳ እንኳ ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከእቴጌ መነን ከወለዷቸው ስድስት ልጆች አራቱ ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልዕልት ፀሐይ በወሊድ፣ ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ጥር 1965 ዓ.ም. በስትሮክ ተመትተው ለሕክምና ወደ ውጭ ተወሰዱ። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው አባት ሲሠሩ የሃምሳ ስድስት ዓመት ልጃቸው መንቀሳቀስ አቃታቸው። እዚያው ላይ ደግሞ አልጋ ወራሹ ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ኖረው በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አንዳንድ የመርሳት በሽታዎች በዘር እንደሚተላለፉ ይታወቃል፤ ነገር ግን የዘር ታሪክ አደጋውን ያመለክታል እንጂ ቀኑን አይቆርጥም።

ዙፋን በደም ሲወረስ በሽታውም አብሮ መውረዱን ከሮማኖቭ ቤት በላይ የሚያሳይ የለም። የሩስያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ ደም የማይረጋበት ሆኖ ተወለደ፤ በሽታው በእናቱ በኩል ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የወረደ ነው። ቤተ መንግሥቱ ይህን ከሕዝብ ደበቀ። ልጁን እንደሚያድን የታመነው ራስፑቲን በዚያ የምስጢር በር ገባ፤ ሕዝቡ ምክንያቱን ስለማያውቅ ለልጁ እናት ለንግሥቲቱ የከፋውን ትርጉም ሰጣት። በምርጫ በሚሾሙ መሪዎች ዘንድም ነገሩ ይነሣል። ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1980 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው አእምሯቸው ደክሞ እንደነበር ደብቀው አላለፉም፤ ሐኪም እሳቸውንም ደክመው ካገኛቸው እንደሚለቁ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 አልዛይመር እንደያዛቸው በገዛ እጃቸው ጽፈው አሳወቁ፤ ሥልጣን ከለቀቁ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

ወደ ኃይለ ሥላሴ ልመለስ። የሚያሳዝነው፣ በዚህ ጊዜ ሕግ ነበረን። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ጽኑ ሕመም ቢይዛቸውና ይህም ሊገኝ በሚችለው ከፍተኛ የሕክምና ምክር ቢረጋገጥ እንደራሴነት እንደሚቋቋም ደንግጓል። ለዚያ ዘመን አፍሪካ ቀርቶ ለብዙ የአውሮፓ አገሮችም የሚያስቀና አንቀጽ ነው። አንድም ቀን አልተሠራበትም። ለረጅም ዘመን የመንግሥቱ አማካሪ የነበሩት አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ንጉሡን ባነጋገሩበት ጊዜ ከነባራዊው ዓለም እየራቁ እንደሆነ እንደተሰማቸው በትዝታ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። የወሎ ረሀብ በዚያው ሰሞን ነው። ሆኖም «ጃንሆይ፣ ሐኪም ይይዎት» ብሎ አንቀጹን የሚያነሣ ሚኒስትር ከየት ይመጣል? የሹመቱ፣ የኑሮው፣ የክብሩ ሁሉ ምንጭ እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ ተተኪነት የተነገረው ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ ከፈነዳ ሁለት ወር ሊሞላው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ያላደረገውን ወታደሮች አደረጉት፤ ንጉሡን ከዙፋን አውርደው በቮልስዋገን ወሰዷቸው። በቀጣዩ ነሐሴ ደርግ ንጉሡ በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረ፤ ከዓመታት በኋላ በቀረበው ክስ ግን ታፍነው መገደላቸው ተገለጸ። የሕክምና ቃል ለእውነት ሳይጠራ ቆይቶ ለሽፋን ተጠራ።

የሕክምና ቃል ለመፈንቅለ መንግሥትም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1987 በቱኒዝያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን አሊ ሌሊት ሰባት ሐኪሞች አስጠርተው ፕሬዚዳንት ሀቢብ ቡርጊባ መምራት አይችሉም የሚል ወረቀት አስፈረሙ። ሕመምተኛውን በዚያ ሌሊት የመረመረ የለም። ቡርጊባ በዕድሜ ገፍተው፣ ሚኒስትር በየሳምንቱ እየሾሙና እየሻሩ አገሩን አስጨንቀው እንደነበር አይካድም። ግን ከሥልጣን ወርደው ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ኖሩ፤ ቤን አሊም ሃያ ሦስት ዓመት ገዙ። ሐኪሞቹን የጠራው ራሱ ወራሹ ከሆነ ምርመራው ምርመራ አይደለም።

አንዳንዶች መፍትሔው የዕድሜ ጣሪያ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዩጋንዳ ለፕሬዚዳንት የሰባ አምስት ዓመት ጣሪያ ነበራት፤ ሙሴቬኒ ሲቃረቡት እ.ኤ.አ. በ2017 ምክር ቤቱ አነሣው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመም ዕድሜ አይጠብቅም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሰኔ 2004 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በቡድን 20 ስብሰባ ታዩ፤ ሐምሌ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አልተገኙም። ከመንግሥት የተሰማው እረፍት ላይ ናቸው፣ በቅርቡ ይመለሳሉ የሚል ነው። ስለ ጤናቸው የጻፈው የ«ፍትሕ» ጋዜጣ ኅትመት ታገደ። ሕዝቡ በወሬ ብቻ ሁለት ወር ቆየ፤ ነሐሴ 15 ማለዳ በቴሌቪዥን መርዶው ተነገረ። በዚህ ዓይነት ዝምታ ከእኛ የባሱም አሉ፤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ሚተራን ካንሰራቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ተደርሶበት እስከ 1992 ድረስ በሐሰት የጤና መግለጫ ሸፍነውታል። የሌላው ጥፋት ግን የእኛን አያቀለውም።

መሪም ሰው ነው፤ ገላው ሁሉ አደባባይ ይውጣ አልልም። የስኳሩ መጠን፣ የሚወስደው ክኒን የሱና የሐኪሙ ነው። የአገር የሆነው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራውን መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 75 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶት እንደሚሠራ ይናገራል። በሕይወት እያለ፣ በአገሩ ውስጥ እያለ፣ ነገር ግን ማሰብ ወይም መናገር ካልቻለ «የለም» የሚለውን ማን እንደሚወስን አይናገርም። ስለ ሕገ መንግሥት መሻሻል በሚወራበት በዚህ ጊዜ ሕግ አውጪዎች ይህን አንቀጽ እንዲመለከቱት እጠይቃለሁ። ሐኪሞቹን የሚሰይም ከቤተ መንግሥቱም ከምክትሉም ነጻ የሆነ አካል ይቋቋም፤ ሐኪሞቹ ከአንድ በላይ ይሁኑ፣ ሕመምተኛውን በዓይናቸው አይተው ይፈርሙ፤ ውጤቱ በተወሰነ ቀን ለተወካዮች ምክር ቤት ይቅረብ፤ የዳነ መሪ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድም አብሮ ይጻፍ። ይህን መጻፍ የሚቻለው ደግሞ መሪው ጤነኛ በሆነበት ቀን ብቻ ነው።