የጉግስ ሜዳ፦ ከዘመቻ ልምምድ ወደ በዓል ጨዋታ

የፈረስ ጉግስ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ለብዙ ዘመን የጎልማሳ ወንዶች የሜዳ ጨዋታ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ የሚደምቀውም አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ለግልቢያ በሚመችበት ወቅት፣ በተለይም በገናና በጥምቀት ሰሞን ነበር። በገና ሰሞን እግረኛው ሩሩን፣ ማለትም ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራውን ኳስ፣ በቆልማማ ዱላ ሲመታ፣ ፈረስ ያለው ደግሞ ለጉግስ ይወጣ ነበር፤ በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል የነበረው ልዩነትም በአብዛኛው የሀብትና የማዕረግ ልዩነት ነው።

ጋላቢዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው በሜዳው ዳርና ዳር ከተሰለፉ በኋላ፣ ከአንዱ ወገን የወጣ ፈረሰኛ ተቃራኒዎቹ ፊት ድረስ ጋልቦ በድንገት ሲመለስ፣ ከእነርሱ አንዱ ወይም ብዙዎቹ በጦር ምትክ ዘንግ ይዘው ይከተሉታል። ሸሺው ፈረሱን ሽምጥ እያስጋለበ ወደ ኋላ መገላመጥና የሚወረወርበትን ዘንግ ጀርባው ላይ ባዞረው የቆዳ ጋሻ መመከት ይኖርበታል፤ ወገኖቹ ዘንድ ከደረሰ ግን ተራው ይገለበጥና ያባረሩት ይባረራሉ። የአገሬው እርካብ፣ ማለትም ጋላቢው እግሩን የሚያሳርፍበት ብረት፣ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጠባብ ቀለበት እንደነበረ ሲታሰብ፣ በዚህ አኳኋን ወገብን አዙሮ በጋሻ መመከት ምን ያህል ልምድ ይጠይቅ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ጉግስን እንደ መዝናኛ ብቻ መቁጠር ታሪኩን ማጉደል ነው። መኳንንቱ ረጅም መንገድ በበቅሎ ሲሄዱ ፈረሳቸው ተሸልሞ ከፊት ይሳብ የነበረው ለጦርነትና ለጨዋታ እንጂ ለጉዞ ስላልተመደበ ነው፤ በቤተ መንግሥትም ለፈረሶችና ለበቅሎዎች ኃላፊ የሆነው ሹም ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው። የፈረስ ስም፣ ማለትም ጌታው በፈረሱ የሚጠራበት የክብር መጠሪያ፣ ከጦር ሜዳ ዝና ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። በጉግስ የታየ ጋላቢ በዘመቻ ጊዜ ከማን ጎን እንደሚሰለፍ የሚያስቡ ዓይኖች በሜዳው ዳር አልጠፉም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአዲስ አበባ የዚህ ጨዋታ ዋና መድረክ ጃን ሜዳ ነበር። የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ይኸው ሰፊ ሜዳ፣ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች፣ ማለትም የመንግሥታት እንደራሴ መሥሪያ ቤቶች፣ በከተማይቱ ከተከፈቱ በኋላ፣ የአውሮፓን ሥርዓት የተከተለ የፈረስ እሽቅድምድምም አስተናግዷል። ሁለቱ ትርኢቶች በአንድ ሜዳ ቢካሄዱም ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ እሽቅድምድሙ ፍጥነትን ብቻ ሲመዝን፣ ጉግስ ደግሞ ማጥቃትንና መከላከልን ያጣምራል።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የኢጣሊያ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የፈረሰኛን ዘመን እንዳበቃ በግልጽ ካሳዩ ወዲህ፣ ጉግስ የዘመቻ ልምምድነቱን አጥቶ የበዓል ትርኢት እየሆነ ሄዷል። ይሁን እንጂ ፈረስ ዛሬም የዕለት ኑሮ አጋር በሆነባቸው አካባቢዎች ልማዱ አልተቋረጠም፤ ለዚህም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና የዓድዋን ዘማቾች የሚዘክረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓይነተኛ ምሳሌ ሲሆን፣ አባላቱ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን አደባባይ ወጥተው ፈረሶቻቸውን እንደ ቀድሞው ሸልመው ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ ያሳያሉ።