ገንዘቡ ባሕር ተሻግሮ ይምጣ፤ ሒሳቡስ የት ይነበባል?

ባለፈው ሰሞን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ከመርሳ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ማኅበር ልናቋቁም ነው» አለችኝ። እሷና ስድስት ጓደኞቿ ናቸው። በሀብሩ ገጠር ባላቸው የሞተባቸው ወይም ትዳራቸው የፈረሰ ሴቶች መሬታቸውን እንዳያጡ ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት አብረዋቸው ሊቆሙ አስበዋል። አንድ የውጭ ድርጅት ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰምተው ፕሮፖዛል እየጻፉ ነው።

አጎቷ ግን አኩርፏል። «የፈረንጅ ገንዘብ የነካ የፈረንጅ ሥራ ነው የሚሠራው» ይላል። ከጓደኞቿ አንዱ ደግሞ «ያለ ገንዘብማ አንዲት ሴት ይዘን ወልድያ ለመድረስ የመኪና እንኳ የለንም» ብሎ ይሟገታል። «እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነዎት፤ ማንኛቸው ናቸው ልክ?» አለችኝ።

በስልክ የሚያልቅ አልመሰለኝም። «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብዬ ብዘጋውም መሸሽ ይሆንብኛል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ የቀረውን እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ከቤታችን ልጀምር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። በብዙ መንደር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለው፤ አንዱ የሌላውን ይቀብራል። ዳኛ ይመረጣል፣ መዋጮ ይዋጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ጥሩንባ ሲነፋ «ሥራ በዛብኝ» የሚባል ነገር የለም።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ የሰፈራችን ቅሬ ሒሳብ የሚነበበው ከዛፍ ሥር ነበር። አንድ ጊዜ 12 ብር ጎደለ። ዳኛው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንም አፉን ሊከፍት አልደፈረም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግን ከኋላ ተነሥታ «አባባ፣ የገመዱ 12 ብር የት ገባ?» አለች። ዳኛው አልተቆጡም። ገመዱን የሸጠላቸውን ነጋዴ አስጠርተው እስኪያስመሰክሩ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ዜግነት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። በመጽሐፍ ያነበብኩት ኋላ ነው።

ይችን ሴትዮ ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ 1965 እና 66 ዓ.ም. እንሂድ። ወሎ ሲራብ መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች መጥተው አዩ፤ የተነሡትንም ፎቶዎች በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። እርዳታው የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነው። አስቡት፤ የወሎ ገበሬ መራቡ በገዛ አገሩ መንግሥት እንዲታመን ወሬው በለንደን ዞሮ መምጣት ነበረበት። ዲምብልቢ ገንዘብ ይዞ አልመጣም፣ ካሜራ ይዞ ነው የመጣው። ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሁሉ ጠላት ነው ለሚል ሰው መጀመሪያ የማነሣለት ይህንን ነው።

ነገር ግን የመጣው እህልና ብርድ ልብስ ነበር። ገበሬው «ለምን እስክንሞት ዝም ተባለ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አብሮ አልመጣም። በ1977 ዓ.ም. ያው ነገር በባሰ መልኩ ተደገመ።

ይህን በጥልቀት ካጠኑት አንዱ የጂኦግራፊ ሊቁ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ራብን የዝናብ ማነስ ብቻ አያመጣውም፣ ገበሬው አቅምና መብት የሌለው መሆኑ ነው ለራብ የሚያጋልጠው ብለው ይሟገቱ ነበር። እኚሁ ሰው በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ አቋቋሙ። የሁለቱን ነገር ግንኙነት ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ቀጥሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መጣ። ለብዙ ሺህ ሴቶች በነፃ ጥብቅና ቆመ። በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ድምፁ ከተሰማው ተቋማት አንዱም እሱ ነው። የእነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ በአብዛኛው ከየት ነበር? ከውጭ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ከዚያ የ1997 ምርጫ መጣ፤ የሆነውን ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2001 ምክር ቤቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅን፣ ቁጥር 621/2001ን፣ አጸደቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በጾታና በሃይማኖት እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና በእርቅ፣ በፍትሕ አሰጣጥ ላይ መሥራት አይችልም። ጉድጓድ መቆፈር ይችላል፤ ከጉድጓዱ ማን ይቅዳ የሚለውን መብት ማስተማር አይችልም። ሒሳቡን ሥሩት፦ ከውጭ 100 ሺህ ብር ለመቀበል 900 ሺህ ብር ከአገር ውስጥ ማግኘት አለብህ። በዚያ ዘመን ማን ነበር ለሰብዓዊ መብት 900 ሺህ ብር የሚያዋጣ?

የመንግሥት መከራከሪያ የአጎቷ መከራከሪያ ነው፦ የመብትና የፖለቲካ ጉዳይ የዜጎች ነው፤ ገንዘቡ የውጭ ከሆነ ድርጅቱ የሚጠየቀው ለውጭ ሰው ነው። እውነት ለመናገር ባዶ ክርክር አልነበረም። እኔ ራሴ በዚያ ሰሞን ወልድያ በአንድ ሆቴል የሁለት ቀን ሥልጠና ተካፍያለሁ። ርዕሱ «ንቁ ዜጋ» ነበር። ሻይና ብስኩት ነበር፣ ማስታወሻ ደብተር ተሰጠን፣ አበል ፈርመን ወሰድን። ከመካከላችን በጀቱ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለ12 ብር ስብሰባ ያስቆመች መንደር ልጅ ነኝ፤ እዚያ ግን ዝም አልኩ። ገንዘቡ የእኛ አልመሰለኝማ!

አዋጁ ግን በሽታውን ትቶ በሽተኛውን ነው የመታው። ኢሰመጉ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ያጠራቀመው ወደ 9.5 ሚሊዮን ብር ታገደ፤ ፍርድ ቤትም እገዳውን አጸናው። ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃል እንኳ ከስሙ ወጥቶ ሰመጉ ሆነ። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹም ገንዘብ ታገደ፣ አብዛኛው ሠራተኛቸው ተበተነ። የተጠያቂነት ጥያቄውስ ተመለሰ? ሒሳቡ ከለጋሹ ጠረጴዛ ወደ ኤጀንሲው ጠረጴዛ ዞረ እንጂ ከዛፉ ሥር አልመጣም።

ሕጉ ራሱ ደግሞ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ዕድርና ዕቁብን የመሳሰሉ ማኅበራትን አይመለከትም ይላል፤ ቅሬአችንን አልነካትም። ሁለተኛ፣ መንግሥት ሲፈልግ «የውጭ» የተባለው ገንዘብ «የአገር ውስጥ» ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ ተቆጠረ። በለጋሾች ገንዘብ የሚሠራው የኢትዮጵያ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራምም በመንግሥት ፈቃድ በየወረዳው ቀጠለ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ተገልጋዩ ለጤና ጣቢያው ወይም ለትምህርት ቤቱ ነጥብ ይሰጣል፣ ሠራተኞቹም ለራሳቸው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ልዩነቱን ይነጋገሩበታል፣ ማን ምን እንደሚያስተካክል ይጻፋል። ይህን የሰማ የወሎ ሰው «ታዲያ ቅሬ አይደል እንዴ!» ይላል።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ ከጎረቤታችን ከደቡብ ወሎ። የክልሉ መንግሥት የገጠር መሬት መዝግቦ ደብተር መስጠት ሲጀምር በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም ሥራውን የደገፈው የስዊድን የልማት ድርጅት ሲዳ ነው። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጻፈ፣ ፎቷቸውም ተለጠፈ። የገጠር ሴት «ይህ የእኔም ነው» ብላ የምታሳየው ወረቀት አገኘች። ከስቶክሆልም የመጣ ገንዘብ ነው። የማን ሥራ ሠራ እንበል? የስዊድንን?

ወደዚያች ሴትዮ ልመለስ። የ12 ብሩን ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ብዙም ሳይቆይ የባሏ ወንድሞች ማሳዋን ወሰዱባት። ቅሬው ባሏን በክብር ቀብሮላታል፣ ድንኳን ጥሎላታል፣ ንፍሮ ቀቅሎላታል። ስለ መሬቱ ስትጮኽ ግን «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ዝም አለ። ያ ሒሳብ አዋቂ ቅሬ! ደብተር አልነበራትም፣ ጠበቃ አልነበራትም። መጨረሻ ላይ እንጨት እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ቅሬን ሳመሰግን ይህንን ብዘል ለእናንተ ውሸት አስተማርኳችሁ ማለት ነው። የራሳችን የሆነ ሁሉ ለሁሉም ፍትሕ አይሰጥም። አንዳንዴ ከመንደሩ ዝምድና ውጭ የቆመ ሰው ያስፈልጋል።

የ2014ቱን ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ከተሞቻችን በሕወሓት ኃይሎች ሥር በነበሩባቸው ወራት ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መብራት የለም። እኛ ሰፈር እህል ያካፈለው፣ ሬሳ ያነሣው ቅሬ ነው፤ የትም ፕሮጀክት አልነበረም። ያም ሆኖ ኋላ ላይ የደረሰውን መርምሮ ማስረጃ አድርጎ ማስቀመጥ ከቅሬ አቅም በላይ ነበር። ለዚያ ባለሙያና መኪና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈቃድ ያለው ተቋም ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአማራና በአፋር ስለተፈጸመው ግፍ በመጋቢት 2014 ሪፖርት ሲያወጣ ብዙ ሰው «ተጻፈልን» ብሎ ነው ያለቀሰው።

ዛሬ ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ። የአገር ውስጥ ድርጅት ሕጋዊ ከሆነ ምንጭ ገንዘብ ተቀብሎ በመብት ላይ መሥራት ይችላል፤ የአስተዳደር ወጪው ግን ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህ ማለት መንገዱ ጠራ ማለት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 ኢሰመጉን ጨምሮ የተወሰኑ የመብት ድርጅቶች «ገለልተኛ አይደሉም» በሚል ታግደው፣ እገዳው ከወራት በኋላ ነው የተነሣላቸው። ያው ዓመት በጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አቆመ፤ በሰኔ ማብቂያ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን ጨረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አየን፦ የራስህ ባለሥልጣን በደብዳቤ ይዘጋሃል፣ ሩቅ አገር ያለ ሰውም በፊርማ ያደርቅሃል።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው።

ገንዘቡን ውሰዱ። አጎትሽ የፈራው ነገር እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ገንዘቡን መፍራት አይደለም። የማን ገንዘብ ነው ከሚለው ይልቅ ሒሳቡን የሚጠይቀው ማነው የሚለው ይበልጣል። ፕሮፖዛሉን ለጋሹ ከማየቱ በፊት በአማርኛ ጽፋችሁ ለሴቶቹ አንብቡላቸው፤ ያልገባቸውን አውጡት። ከአባላት መዋጮ ሰብስቡ፣ በወር 20 ብርም ቢሆን። ለጋሹ ሲሄድ ቢሮው ቢዘጋም ማኅበሩ እንዳይዘጋ ነው። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ሒሳቡን በአደባባይ አንብቡ፦ ከውጭ ይህን ያህል መጣ፣ ለመኪና ይህን፣ ለጠበቃ ይህን፣ ለእኛ ደመወዝ ይህን። አጎትሽንም ጥሪው። ከፊት አስቀምጪው፤ እሱ ይጠይቅ።

ያን ቀን ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ «ልጆቼ፣ ይች 12 ብር የት ገባች?» ካለች፣ ደውይልኝ። እኔም ከወልድያ ተነሥቼ እመጣለሁ፤ መዋጮዬንም ይዤ።